ጽዋው ከዘመናይ ቤት የወጣበት ቀን

«ማን ሞተ?» አልኳት።

«ማንም አልሞተም» አለች ዘመናይ።

«ታዲያ የዕድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ በዚህ ጠዋት ምን ያደርግልሻል?»

«አግዳሚ ወንበር ላወጣበት ነው።»

«አግዳሚማ የሚወጣው ለቅሶ ሲኖር ነው። ንገሪኝ፣ አትደብቂኝ፤ እማማ ደብሪቱ ናቸው?»

«እማማ ደብሪቱን ቤተ ክርስቲያን ቆመው ነው የተውኳቸው፤ ካንተም ከኔም ይበረታሉ። ዝክር ነው አያ አንሙት። ዛሬ ጥቅምት አስራ ሁለት ነው፤ ተራው የኔ ነው።»

እውነቱን ልናገርና ቀኑ ጠፍቶኝ አልነበረም። የማህበሩ አባል ነኝ። በየወሩ በአስራ ሁለት ቀን ሚካኤልን የምንዘክር አስራ ሁለት ሰዎች ነን፤ ጽዋው ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ዓመቱን ይሞላል። ጽዋው አንዲት ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ናት፤ ቀይ ልብስ አላት፤ ልብሷን የሰፋሁላት እኔ ስለሆንኩ ሌላው ቢጠፋኝ እሷ ማን ቤት እንዳለች አይጠፋኝም። የጥቅምት ተራ የዘመናይ ነው፤ የህዳር የወንድሟ የአድማሴ ነው፤ የታህሳስ የኔ ነው። ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ሴትዮዋ እውነት ደግሳ ሰው የምትጠብቅ መሆኗ ነው። እኛ ሁላችንም፣ ማንም ለማንም አፉን ከፍቶ ሳይናገር፣ ዘመናይ የዚህን ወር ዝክር ድምጿን አጥፍታ ታሳልፈዋለች ብለን ተስማምተን ነበር። ለሷ ግን የነገራት የለም።

«ስንት ልስጥሽ?» አልኳት።

«አራት።»

«ሁለት አይበቃሽም?»

«አስራ ሁለት ሰው በሁለት አግዳሚ እንዴት አድርጎ ይቀመጣል?» አለችኝ ዓይኔን እያየች። ጠጋ ጠጋ ካሉ ምናምን እያልኩ፣ የዕድሩ ዕቃ ጠባቂ ነኝና፣ ቁልፉን ከክር ቆርቆሮዬ ውስጥ መፈለግ ጀመርኩ። ቁልፉ ከላይ ነበር። እኔ ግን ከታች ድረስ ፈለግኩት።

ነገሩ የአጥር ነገር ነው። አድማሴ እህል ነጋዴ ነው፤ አይሱዙ አለው፤ እኛ ሰፈር ሩቅ አገር ለቅሶ የደረሰ ሰው ሁሉ በሱ አይሱዙ ተጭኖ ነው የደረሰው። ከአባታቸው በወረሱት ግቢ እሱ ከፊት፣ እሷ ከጓሮ ይኖራሉ፤ ወደሷ ቤት የሚሄድ ሰው በሱ በር ማለፉ የግድ ነው። እኔ የልብስ ስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የምሰፋበት በረንዳም የሱ ነው። ከግቢው ጎን አለሚቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አለች፤ በአህያ ውሃ እየጫነች ለየቤቱ ታደርሳለች። በሷና በአድማሴ ግቢ መሀል አንዲት መተላለፊያ አለች፤ የተጫነች አህያ ታሳልፋለች፣ ከዚያ በላይ አትሰፋም። ባለፈው ሐምሌ አንድ ቅዳሜ ዝናቡ ሳያባራ አድማሴ አጥሩን ነቅሎ ሁለት ክንድ ያህል ወደ መተላለፊያዋ ገፋው። ከዚያ ወዲያ አህያይቱ ባዶዋን ታልፋለች፤ ከነጭነቷ ግን መሀል ላይ ትቀረቀርና ወደፊትም ወደኋላም አልል ትላለች። አለሚቱ ለቀበሌው ማህበራዊ ፍርድ ቤት ከሰሰች። አድማሴ አጥሩ ከድሮም እዚያው ነበር አለ፤ ምስክር አምጣ ሲባል የገዛ እህቱን ጠራ። ዘመናይ «አትጥራኝ» ብላዋለች፤ እሱ ትህትና መሰለው። መስከረም ሃያ አምስት ቀን ለመሐላ መጽሐፉን አስያዟት። ያዘች። አጥሩ ድሮ ብሳናው ዛፍ ጋ ነበር፣ የተገፋው በሐምሌ ነው አለች፤ መጽሐፉን ስማ መለሰችና ወጣች። በሳምንቱ አጥሩ ወደ ብሳናው ተመለሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ለዘመናይ ሰላምታ አጠረው።

አለሚቱ እኔንም ለምስክርነት ጠርታኝ ነበር። ያን ቅዳሜ ሉማሜ ከተማ እህቴ ቤት ነበርኩ ብዬ መለስኩ። ወደዚህ በኋላ እመጣለሁ።

አግዳሚዎቹን አንድ በአንድ፣ እሷ ከፊት እኔ ከኋላ ይዘን ገባን። አድማሴ በሩ ላይ በእንጨት በርጩማው፣ በዱካው ላይ ተቀምጦ ነበር። ነጭ ለብሷል። ለበዓል ካልሆነ የማያወጣትን ጥበብ ያላትን ጋቢ ደርቧል፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። «እንደምን አደርክ» አለችው እህቱ። ስልኩን ያያል። መቼም ስልኩ ላይ ምንም አልነበረም፤ ጨለማ ነበር፤ እኔ አይቼዋለሁ። በሁለተኛው አግዳሚ ስናልፍም «እንደምን አደርክ» አለችው፤ በሦስተኛውም አለችው። በአራተኛው ላይ ዝም ስትል ቀና ብሎ እኔን፣ «አንሙት፣ ይሄ የዕድር ዕቃ ተፈርሞ ነው የሚወጣው?» አለኝ። «እኔው አስፈርማታለሁ» አልኩ፤ መፈረሚያ ደብተር ከኖረን እኮ ቆየ። እሱም እንደሌለን ያውቃል።

የዘመናይ ቤት አንድ ክፍል ናት፤ ከጎኗ የዳቦ ምድጃዋ ያለባት ዳስ አለች። ለሻይ ቤቶች ዳቦ እየጋገረች ነው የምትኖረው። ሦስት ሻይ ቤቶች ነበሯት፤ ከመስከረም ሃያ አምስት ወዲህ ሁለቱ «ዱቄት ተወደደ፣ ትንሽ እንታገስ» ብለዋታል። ዱቄቱን የምትገዛው እሷ፣ የተወደደባቸው እነሱ። ግድግዳዋን በአመድማ አፈር ለቅልቃው ገና አልደረቀም፤ ጋቢዬን ነክቶብኝ እስከ ማታ ከትከሻዬ አልለቀቀም። ወለሉን በደንብ ለቅልቃ ቄጠማ ጎዝጉዛበታለች። ከአልጋው ራስጌ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ ጽዋው ቀይ ልብሱን ለብሶ ተቀምጧል። ልብሱ በአንድ በኩል ስፌቱ ተተርትሮ ስላየሁ መርፌዬን ከኮቴ ጉንፍ አወጣሁና ቆሜ እዚያው ጠቀምኩት። እሷ ሽንኩርት እየከተፈች የገበያውን ነገረችኝ፤ ቀይ ሽንኩርት ዘጠና ገባ፣ ጌሾ ጭራሽ አይቀመስም፣ በርበሬውንማ ከባለፈው ዓመት ተርፏት ነው። እኔ ደግሞ «እህ» እያልኩ ሰዉ እንደማይመጣ እንዴት አድርጌ እንደምነግራት አስባለሁ።

እማማ ደብሪቱ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጡ። ማህበሩን ከመሠረቱት በሕይወት የቀሩት እሳቸው ናቸው። ገና በር ላይ እያሉ ነው የሚጀምሩት።

«የድመቷን ነገር ሰማሽ?» አሉኝ ለኔ፤ ሲቸኩሉ ወንዱንም ሴቱንም አንቺ ይሉታል። «ትናንት ድመት ዘላ የጠላ ጋን ገለበጠችባት። ሰይጣን ነው! ዝክር ሲቀርብ ይነሳል። እኔም ዛሬ ስብከት በስልክ ከፍቼ ላዳምጥ ስል፣ ልክ ዋናው ነገር ላይ ሲደርሱ ኔትወርኩን ቁርጥ! ከመዝሙሩ ላይ አይቆርጥ፣ ከማስታወቂያው ላይ አይቆርጥ።»

«የሰይጣኑን አላውቅም እማማ» አለች ዘመናይ ከሽንኩርቱ ቀና ሳትል፣ «ድመቷን ግን አውቃታለሁ። የአድማሴ ናት። እዚያ ቤት ሥጋ ስለማይወድቅ ነው እዚህ የምትመጣው።»

እኔ ከሰይጣኑም ከድመቷም በላይ የጋኑ ነገር አሳሰበኝ። «ስንት ጋን ቀረሽ?» ብላት «አንድ» አለች። ለሚመጣው ሰው እንደሚበቃ ለራሴ ነገርኩ፤ ለሷ አልነገርኳትም።

ወደ በረንዳዬ ተመልሼ አንድ የትምህርት ቤት ሱሪ እያጠበብኩ ሳለ አድማሴ ዱካውን ይዞ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን መናገር አለብኝ። ሁሉንም አጽዋማት ይጾማል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሲቀየር ቆርቆሮውን በአይሱዙው በነፃ ያመላለሰው እሱ ነው። የአለሚቱ ባል የሞተ ጊዜም አስከሬኑን ከሆስፒታል ያመጣው እሱ ነው። «አየህ አንሙት» አለ፣ «ሰው ለእግዚአብሔር ቤት ሲሠራ ፈተና ይነሳበታል ይሉ ነበር አባቶች። አሁን ገባኝ። እኔ ቆርቆሮውን በጫንኩ በዓመቱ በገዛ እህቴ መጣብኝ።» ድምፁ የውነት ነበር። ሰውየው ተበድሎ አይደለም የሚናገረው ብዬ ብምልም የሚያምነኝ የለም። መርፌዋን አቆምኩና እህቱን አሰብኩ፤ እሷም በክርስትናዬ መጣብኝ ትላለች። በአንድ ግቢ ሁለት ሰው፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከጓሮ፣ ሁለቱም ተሰደድን ይላሉ፤ አሳዳጁ ታዲያ በየት በኩል ነው የሚገባው? በሩ እኮ አንድ ነው።

«ዝክሩ ላይ ትሄዳለህ?» አለኝ።

«ይሄን ሱሪ ልጨርስና ...»

«ህዳር ሚካኤል የኔ ተራ ነው። በጉን ሁለት ወር ቀለብኩት። ለደብተራዎቹ ሁሉ ነግሬያለሁ።»

«ታዲያ ጽዋውን ዛሬ ልትረከብ ነዋ» አልኩት፤ ከልቤ ለማወቅ ነው እንጂ ለነገር አይደለም። የማህበራችን ሥርዓት ይህ ነው፦ ጽዋውን ባለተራው ራሱ ከዘካሪው ቤት ከዘካሪው እጅ ይቀበላል። መልእክተኛ አይልክም። ጽዋው በዚያን ቀን የሚያነሳው አጥቶ እዚያው ካደረ ደግሞ ያ ቤት ከማህበሩ ወጣ ማለት ነው፤ ከዚያ ቤት ጋር ከእንግዲህ አብረን አንቆርስም ማለት ነው። ሰው ይህን ያህል ሳይናገር የሚያባርርበት ሌላ መንገድ እኔ አላውቅም። ዘመናይም ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ አራቱን አግዳሚ የወሰደችው ለዚህ ነው።

«የማህበሩ ሙሴ ያምጣልኝ» አለ አድማሴ። ሙሴ የምንለው ሰብሳቢያችንን ወልደ ሩፋኤልን ነው።

«ሙሴው ጽዋ ተሸክሞ ሲያዞር አይተህ ታውቃለህ?»

አላየም። ዱካውን አንስቶ ወደ በሩ ተመለሰ። ጋቢውን ግን አላወለቀም፤ ይህችን ልብ አልኩ።

በስምንት ሰዓት ሱሪው አላለቀም፤ እኔ ግን ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ብጠየቅ ጀግንነት አይደለም፤ ማን እንደመጣ ለማየት ነው። በአድማሴ በር ሳልፍ ወደ ብሳናው እያየሁ፣ ስለ ዛፉ የማስብ መስዬ አለፍኩ። ገብቼ ሳይ መምሬ አምደሚካኤል፣ የማህበሩ ካህን፣ በአንዱ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። እማማ ደብሪቱ በሌላው ላይ ናቸው። ሦስተኛው ላይ ማንም የለም፤ አራተኛውም ላይ ማንም የለም። ከመምሬ አጠገብ ልቀመጥ ስል እማማ ደብሪቱ በዓይናቸው ከለከሉኝና ወደ ባዶው ጠቆሙኝ። እንዲሞላ ነው። ሦስት ሰው ሦስት አግዳሚ ይዘን ተራርቀን ተቀመጥን፤ አውቶቡስ እንደሚጠብቁ የማይተዋወቁ ሰዎች።

ዘመናይ ቆማ ነበር። ነጭ ቀሚስ ለብሳ መሶቡን ከፍታ ትዘጋለች፣ ጠላውን ትቀዳና መልሳ ትገለብጠዋለች። በየመሀሉ ስልኳ ይጮሃል። ወልደ ሩፋኤል ሮብ ገበያ በሬ ሊያይ ሄዶ መኪና አጥቻለሁ አለ። ይታያል የሚባለው አባላችን አማኑኤል ከተማ ለቅሶ ላይ ነኝ አለ። ሌላው አባል እንዳላማው ጥርሱን አሞት መናገር አልቻለም፤ መናገር አለመቻሉን ለረጅም ጊዜ አስረዳት። ለሁሉም «ምንም አይደል፣ ሚካኤል ይማርህ»፣ «ሚካኤል ያግባህ» እያለች ትዘጋለች። ሌሎቹ አልደወሉም። እኔ የደወሉትን ይበልጥ ታዘብኳቸው ልበል ወይስ ያልደወሉትን እስካሁን አልቆረጥኩም። ከኋላ በኩል፣ በዚያች በመተላለፊያዋ በኩል፣ አህያ ስታናፋ ሰማን። ዘመናይ በጓሮ በር ወጣች፤ እኔም አንገቴን አወጣሁ። አለሚቱ ሁለት ጀሪካን ውሃ አውርዳ አጥሩ ላይ አስደግፋ ትቆማለች። ሁለቱ ወዳጆች አይደሉም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንዲት ዶሮ ተኮራርፈው ነበር፤ ምስክርነቱ ይህን አላስታረቀም።

«ውሃው ጠፍቷል ብዬ ነው» አለች አለሚቱ መሬት እያየች።

«ግቢና ጠበል ቅመሺ።»

«አይ፤ ያዩኛል። አብረው ይበላሉ ይላሉ፤ አብልታ አስመሰከረቻት ይላሉ። ላንቺም አይበጅሽ።» አህያዋን ነዳች። አህያይቱ ባዶዋን ስለነበረች ሰፊዋ መንገድ ላይ እየተንዘላዘለች ሄደች። ዘመናይ ጀሪካኖቹን ስታነሳ ፈገግ አለች፤ በዚያ ቀን ፈገግ ስትል ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

መምሬ ጸሎቱን አደረሱ፤ ዳቦውን ባረኩና ቆረሱ። ለአስራ ሁለት ነው የቆረሱት፤ አንዱንም አላጓደሉም። የቀሩት ቁራሾች መሶቡ ላይ ተደርድረው ቀሩ፤ የወልደ ሩፋኤል፣ የይታያል፣ የእንዳላማው ... ትልቁ የአድማሴ። ዝምታ ሲበዛ እኔ የማልችለው ነገር ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ብቻ ስለተማርኩ ይሁን አላውቅም፣ ጥያቄ ይመጣብኛል።

«መምሬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

«ጠይቅ።»

«በስንክሳሩ ሰማዕታቱን የሚያሳድዱት ጣዖት የሚያመልኩ ነገሥታት ናቸው። ይሄ ይገባኛል። እዚህ ሰፈር ግን ማተብ ያላሰረ አንድ ሰው አምጣ ቢሉኝ ከየት አመጣለሁ? ሁላችንም አስቀድሰን ነው የመጣን፤ የቀሩትም አስቀድሰው ነው የቀሩት። ታዲያ ክርስቲያንን ክርስቲያን ሲያሳድደው ምን ይባላል? ስደት ነው ወይስ የቤተሰብ ጠብ?»

«ሰይጣን ነዋ!» አሉ እማማ ደብሪቱ። «ይሄም ይጠየቃል?»

«ሰይጣንስ አለ» አሉ መምሬ ዳቧቸውን በጣታቸው እየፈረፈሩ። «ግን እሱ የማህበሩ አባል አይደለም። የቀሩት አባላቱ ናቸው።» ወደኔ ዞሩ። «አንሙት፣ ሌላ ሰፊ የሰፋውን ሱሪ ሰው ለብሶ ቢመጣና አንተ ሜትርህን ዘርግተህ፣ አንዱ እግሩ አጥሯል ብትለው፣ በማን ይናደዳል?»

«በኔ» አልኩ ሳላቅማማ። ደርሶብኛል።

«ያሳጠርከው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ዝም ብትለውስ ኖሮ?»

«መርቆኝ ይሄድ ነበር።»

«እንግዲህ ጌታንም የጠሉት ለክቶ ስለነገራቸው ነው። የጠሉትም መጽሐፍ ያነበቡት ናቸው። ሜትሩን የማያውቅ ሰው ምን አናደደው? ስድሳም በለው ሰማንያም በለው ለሱ ያው ነው። ሜትሩን የሚያውቀው ነው የሚቆጣ፤ ልክ መሆንህን ያውቃላ።»

ይህን ሲሉ ዘመናይ ጠላ ልትቀዳልኝ ጎንበስ ብላ ነበር። ማንቆርቆሪያዋን ይዛ እንዳጎነበሰች ቀረች። «እኔ አልለካሁም መምሬ» አለች፤ «ጽድቅ አታድርጉብኝ። ከቤት ስወጣ ላልመሰክር ነበር ያሰብኩት፤ አላስታውስም ልል ነበር። መጽሐፉን ሲያስይዙኝ ጽዋው ትዝ አለኝ። ቤቴ ነው ያለው። ጠረጴዛው ላይ ትቼው ነው የመጣሁት። ዋሽቼ ስመለስ እንዴት ብዬ በሩን ከፍቼ ልግባ? ሌላ ወር ቢሆን ኖሮ ... የሌላ ሰው ተራ ቢሆን ኖሮ እንጃ።» ከዚያ ቀዳችልኝ። ጠላው ከብርጭቆው አፍ አልፎ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ።

እዚህ ላይ ነው ያን የሉማሜውን ነገር የምመለስበት። ያን ቅዳሜ ሉማሜ አልነበርኩም። በረንዳዬ ላይ ነበርኩ። አድማሴ አጥሩን ሊነቅል ሲል የሱ ድጅኖ ጫፉ ተጣሞ ነበርና የኔን ተበደረኝ። አጥሩ ድረስ ወስጄ አቀበልኩት። ዝናቡ ስለበዛ ፕላስቲክ ደርቤ ነበር፤ እንዲያውም «ቀኝ በኩል ያለው እንጨት በስብሷል፣ እሱን አትመልሰው» ብዬ መክሬዋለሁ። ይህን ስናገር ዘመናይ በጓሮ በር ብቅ ብላ፣ «አያ አንሙት፣ በዚህ ዝናብ?» አለችኝ። ዓይን ለዓይን ነው የተያየነው። ፍርድ ቤት ቆማ አጥሩ በሐምሌ ተገፋ ስትል ከየት አወቅሽ፣ ሌላስ ማን አየ ብለዋታል። ስለራሷ ብቻ ነው የተናገረች። ስለኔም ስለ ድጅኖውም አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ከዚያ ወዲህም «አያ አንሙት» እያለች ታልፋለች። እኔ ደግሞ ድጅኖዬን ማንም በማያይበት ከአልጋዬ ስር አግብቼዋለሁ፤ የተጠራው እሱ ይመስል።

አስር ሰዓት ሆነ፤ አስራ አንድ ሆነ። በቆርቆሮው ሽንቁር የሚገባው የፀሐይ ጨረር ከቄጠማው ተነስቶ ግድግዳውን ወጣ። መምሬ ሁለት ጊዜ ወደ በሩ አዩ። ዘመናይ ሦስት ጊዜ ወጥታ ተመለሰች። ሦስተኛውን ጊዜ ተከትዬ ወጣሁ፤ ወደ ወንድሟ በር ሄዳ በሩን ሳታልፍ ቆመች። እሱ ጀርባውን ሰጥቷት በዱካው ላይ ነው፤ ያው ነጭ ጋቢ፤ ጋቢው አንዴም እንዳልተቀመጠ ሰው ጋቢ ተስተካክሏል። «አድማሴ» አለችው፣ «ዳቦህ ተቆርሶ ተቀምጧል። ጽዋው ይጠብቅሃል። ና ተረከብ።» ትከሻው ትንሽ ሲነሳ አየሁ፤ ሊነሳ ነው አልኩ በልቤ። በአጥሩ ማዶ ሁለት የሰፈራችን ሴቶች እያለፉ ነበር፤ ረገጥ ረገጥ አድርገው እርምጃቸውን አዘገዩ። ትከሻው ተመልሶ ወረደ። እሷም ትንሽ ጠብቃ ተመለሰች። እኔ ሴቶቹን ተራገምኩ፤ ግን ያን ጊዜ ያልተራመድኩት እኔም ነኝ፤ ክንዱን ይዤ «ተነሳ» ልለው እችል ነበር። በረንዳው የሱ ነው።

ስንገባ መምሬ ተነስተዋል። «ፀሐይ ልትገባ ነው» አሉ። «ባለተራው ካልመጣ ለሚቀጥለው ነው። የሚቀጥለው ማነው?» ማን እንደሆነ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። እማማ ደብሪቱ አዩኝ። ዘመናይ ብቻ አላየችኝም፤ መሶቡን ትከድናለች፤ ክዳኑ አልገጥም ብሏት ደጋግማ ታሽከረክረዋለች።

ስለራሴ ያሰብኩትን ልናገር። አንደኛ ህዳር ሚካኤል ትልቅ በዓል ነው፤ እኔ በግ የለኝም። ሁለተኛ አድማሴ በነጋታው መኪናህን ከበረንዳዬ አንሳልኝ ቢለኝ የት አደርሳታለሁ? ሦስተኛውን አላሰብኩትም፤ ሦስተኛው እግሬ ነው። ቆሜ ነበር። ለምን እንደቆምኩ አሁንም ይገርመኛል፤ ምናልባት ዝም ብሎ መቀመጥ ሰልችቶኝ ይሆናል። «እኔ ነኝ» አልኩ።

እማማ ደብሪቱ ብቻቸውን እልል አሉ። አንድ አሮጊት በአራት አግዳሚ መሀል እልል ስትል እንዴት እንደሚያስተጋባ ያልሰማ አያውቀውም። መምሬ ጽዋውን አንስተው ለዘመናይ ሰጧት፤ እሷ ለኔ ሰጠችኝ። ማሰሮዋ ቀለል ያለች ናት፤ ሁልጊዜ የምረሳው ይህን ነው። ጠዋት የጠቀምኩት ስፌት አውራ ጣቴ ስር ተሰማኝ፤ ክሩን በደንብ አልቋጨሁትም ነበር።

ዘካሪው ጽዋውን እስከ ውጭ በር ይሸኛል፤ ሥርዓቱ ነው። ጧፍ አብርታ ከፊቴ ሄደች፤ ነፋሱን በመዳፏ ትከላከላለች። በአድማሴ በር ደረስን። ጽዋውን ሲያይ ከዱካው ተነሳ። ቆቡን አወለቀ። ለኔም ለሷም አይደለም፤ ለጽዋው ነው። ሁለት ወር የቀለበው በግ ከጀርባው ይጮሃል። እስክናልፍ ድረስ ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆመ፤ እህቱ በአንድ ክንድ ርቀት በፊቱ ስታልፍ ጧፉ ሁለቱንም ፊት አበራው፤ አንድ ዓይነት አፍንጫ ነው ያላቸው፤ ከዚያ በፊት ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ስናልፍ ቆቡን አድርጎ ተቀመጠ።

ከውጭ በሩ ላይ ጧፉ ጠፋ። ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆመው የነበሩ ሰዎች ወሬያቸውን አቆሙ። ከነሱ መሀል እንዳላማውን አየሁት፤ ጥርሱን ይዞ አልነበረም፤ ሲያየኝ ግን ያዘ። ያን ጊዜ ነው ፍርሃቱ ደህና አድርጎ የገባኝ። ማሰሮዋን ወደ ደረቴ ጠጋ አድርጌ፣ «ዘመናይ» አልኳት በሹክሹክታ፣ «ህዳር አስራ ሁለት ለኔስ ሰው የሚመጣ ይመስልሻል?»

የጠፋውን ጧፍ በጣቷ ቆንጥራ ጭሱን ገደለችና ወደ ሰዎቹ አየች፤ ከዚያ ወደኔ።

«ላንተማ ለምን አይመጡም አያ አንሙት» አለች። «አንተ እኮ ሉማሜ ነበርክ።»